መማር፣ መተኮስ፣ መምታት፦ የተኩስ ሥልጠና ግዴታ በሕግ ቋንቋና በአማርኛ

1. የጥያቄው መነሻ

በጅቡቲ ከተማ ከ1 እስከ 7 በቁጥር ከተሰየሙት ነባር ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 2 ነው። «ካርቲየ» የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ከጎኑ የቆመው አሃዝ ግን የየትኛውም ቋንቋ ብቸኛ ንብረት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው «ሁለት»፣ ሶማልኛ ተናጋሪው «ለባ»፣ አፋርኛ ተናጋሪው «ናማይ»፣ ዓረብኛ ተናጋሪው «ኢትነይን»፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው «ዶ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አሃዙ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ከትርጉሙ የሚጎድል ነገር የለም።

የሕግ ቃል ግን እንደ አሃዝ አይሻገርም። በወጣበት ቋንቋ ግልጽ የሆነ ግዴታ በሌላ ቋንቋ ሲነገር ሊሰፋ፣ ሊጠብ፣ ወይም ከነጭራሹ ሌላ ግዴታ ሊመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አንድ ሐረግ ይመረምራል፤ ይኸውም በአሜሪካ ግዛቶች ሕግ «ላይቭ ፋየር ትሬኒንግ» የሚባለው፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በእውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የሚያዝዘው የሥልጠና ግዴታ ነው።

ርእሰ ጉዳዩ ከካርቲየ 2 የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ቅርበቱ በሁለት በኩል ይታያል። በመጀመሪያ፣ አማርኛ ለጦር መሣሪያ የሚጠቀምባቸው በርካታ ስሞች በዚሁ የባሕር ዳርቻ በኩል ካለፈው የመሣሪያ ንግድና ከዓረብኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከነበረው ግንኙነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በጅቡቲ አማርኛ ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዓረብኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ጎን ለጎን ስለሚነገር፣ አንድ ድርጊት በየቋንቋው በምን መልክ እንደሚሰየም ማነጻጸር ለተመራማሪ ብቻ የተተወ ሥራ ሳይሆን የሰፈር ነዋሪ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ሕጉን በአማርኛ ለመረዳት የሚገደደው ሰው ደግሞ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቿ ሜሪላንድ ይገኛል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በአማርኛ «የተኩስ ሥልጠና» ተብሎ በአንድ ስም ሊጠቀለል የሚችለው ግዴታ በሕጎቹ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ መማርን፣ መተኮስንና መምታትን። አማርኛ ሦስቱን የሚለይባቸው ግሶች አሉት። ተርጓሚው ግሶቹን ትቶ በአንድ ስም ላይ ከተመሠረተ፣ አንባቢው ከሦስቱ የትኛው እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ካልታከለባቸው በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

2. ስሙ ከውጭ፣ ግሱ ከውስጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦቦክ፣ ታጁራና በኋላም ጅቡቲ የአውሮፓ ጠመንጃ ወደ ሸዋና ወደ ሐረር የሚሻገርባቸው በሮች ነበሩ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ማቅረቡ የታወቀ ነው። በ1897 የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ ይበልጥ አጠረ። ከዕቃው ጋር ስሙም ተጓዘ።

«ውጅግራ» የሚለው ስም የፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ»፣ ማለትም በ1874 የወጣው የግራ ጠመንጃ፣ በአማርኛ አንደበት የያዘው መልክ ነው። «መትረየስ» ፈረንሳይኛው «ሚትራየዝ» ነው። «ምንሽር» ከማንሊከር፣ «ሰናድር» የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ይዞት ከዘመተው የስናይደር ጠመንጃ ስም የመጡ ናቸው። «ክላሽ» ደግሞ የካላሽኒኮቭ ቁራጭ ነው። ከእነዚህ በፊት የገቡትም በአብዛኛው በዓረብኛና በቱርክኛ በኩል የመጡ ናቸው፦ «ባሩድ»፣ «መድፍ»፣ «ነፍጥ»፣ እንዲሁም በቱርክኛ ሽጉጥን ከሚያመለክተው «ታባንጃ» ጋር የሚዛመደው «ጠመንጃ»። ተኳሹ የሚያነጣጥርበት «ዒላማ» ሳይቀር ምልክት ከሚለው የዓረብኛ ቃል ጋር ዝምድና አለው። ከአገር በቀል ስሞች መካከል ጎልቶ የሚታየው «ሽጉጥ» ነው፤ እርሱም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ወጥቶ መሣሪያውን በሚደበቅበት መንገድ ይሰይመዋል።

ግሶቹ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ተኮሰ፣ አነጣጠረ፣ መታ፣ ሳተ፣ አጎረሰ፤ እነዚህ ሁሉ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት በቋንቋው ውስጥ የነበሩ ግሶች ናቸው። አዲሱ ዕቃ በመጣ ጊዜ አማርኛ ስሙን ከባዕድ ተቀበለ፤ በዕቃው የሚደረገውን ድርጊት ግን በራሱ ግስ ገለጸ። ለሕግ ትርጉም ይህ ክፍፍል ትልቅ ጠቀሜታ አለው። የሥልጠና ግዴታ የሚደነግገው ዕቃውን ሳይሆን ድርጊቱን ነው፤ ስለዚህ የአማርኛ ተርጓሚ መነሻ ሊሆን የሚገባው የመሣሪያ ስሞች ዝርዝር ሳይሆን የግሶቹ ሥርዓት ነው።

3. «ተኮሰ» ምን ይላል፣ ምንስ አይልም

የ«ተኮሰ» የቆየ ትርጉም ከሙቀትና ከእሳት ጋር የተሳሰረ ነው። ቁስል ይተኮሳል፤ ልብስ ይተኮሳል። «ትኩስ» እና «ትኩሳት» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጎረቤቱ ዓረብኛ ቁስልን መተኮስንና ልብስን መተኮስን በአንድ ሥር ይገልጻል፤ አማርኛም የልብስ መተኮሻውን «ካውያ» ሲል ቃሉን ከዚያው ወስዷል። በአማርኛ ግን ይኸው የማቃጠል ግስ ወደ ጠመንጃም ተሻግሯል። ፈረንሳይኛ ለተመሳሳይ ድርጊት «ቲሬ» ይላል፤ መሠረታዊ ፍቺውም መሳብ ነው። ዓረብኛ «ኢጥላቅ አን-ናር»፣ እሳት መልቀቅ፣ ይላል። ሶማልኛ ደግሞ በስሞቹ በኩል ቁሱን ያሳያል፤ «ቆሪ» እንጨትንም ጠመንጃንም ሲያመለክት፣ ጥይትን የሚያመለክተው «ረሳስ» እርሳስ ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ከእነዚህ አሰያየሞች አንዱም ዒላማው መመታቱን አይናገርም። በአማርኛ ይህ በሰዋስውም ይታያል። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ማነጻጸር ይቻላል፦

(1) ሀ. ጠመንጃውን ተኮሰ።
ለ. ቁስሉን ተኮሰው።
ሐ. ሰውየው ላይ ተኮሰበት።
መ. ተኩሶ ሳተው።
ሠ. ተኩሶ መታው።

በ(1ሀ) የግሱ ቀጥተኛ ተሳቢ መሣሪያው ነው። በ(1ለ) እንደሚታየው የሚቃጠለው አካል ቀጥተኛ ተሳቢ ሲሆን ግሱ ወደ ጥንታዊ ትርጉሙ ይመለሳል። የተተኮሰበት ሰው በግሱ ላይ የሚታየው ግን በ(1ሐ) እንደምናገኘው በ«-በት» ቅጥያ ነው። ቅጥያው ድርጊቱ ያነጣጠረበትን፣ ሊጎዳ የሚችለውን ወገን ያሳያል እንጂ ጉዳቱ መድረሱን አያረጋግጥም። «ተኮሰበት፤ ግን አልመታውም» ማለት ምንም ተቃርኖ የለውም። (1መ) እና (1ሠ) እኩል ሰዋስዋዊ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ውጤቱ የሚገለጸው በሁለተኛው ግስ ነው። «መታው፤ ግን አላገኘውም» የሚለው ግን የተቃረነ ንግግር ነው።

ስለዚህ አማርኛ ጥይቱ ከአፈሙዝ የወጣበትን ድርጊትና ጥይቱ ያረፈበትን ውጤት በሁለት ግሶች ለይቶ ይዟል። የአሜሪካ ግዛቶች ሕጎች የሚለያዩትም በዚሁ መስመር ላይ ነው።

4. ሕጎቹ ምን ይጠይቃሉ

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሥልጠናን የሚመለከተው ሕግ በአብዛኛው የየግዛቱ ነው። ልዩነቱም ሰፊ ነው። እስከ 2024 ድረስ 29 ግዛቶች ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የማይጠይቁ ሆነዋል፤ በእነዚህ ግዛቶች ለመያዣ ፈቃድ ሲባል የሚወሰድ የግዴታ ሥልጠና አይኖርም። ሥልጠና የሚያዝዙትም ቢሆኑ መለኪያቸው አንድ አይደለም።

ሜሪላንድ በ2013 ባወጣችው የጦር መሣሪያ ደኅንነት ሕግ መሠረት ሽጉጥ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የብቃት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለዚህም ቢያንስ የ4 ሰዓት ትምህርት ይወስዳል። ትምህርቱ የግዛቲቱን የመሣሪያ ሕግ፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄንና የሽጉጥን አሠራር ይሸፍናል። በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት አመልካቹ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ጥይት በጥንቃቄ መተኮስ አለበት። እዚህ ላይ ደንቡ የሚለካው ዒላማውን መምታት አይደለም። የሚፈለገው ግስ «ተኮሰ» ነው፤ በ(1ሀ) ባለው ትርጉም።

ኢሊኖይ በዚያው ዓመት በ2013 ሽጉጥን ደብቆ ስለ መያዝ ባወጣችው ሕግ የ16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። አመልካቹ 30 ጥይት ይተኩሳል፤ 10ሩን ከ5 ያርድ፣ 10ሩን ከ7 ያርድ፣ 10ሩን ከ10 ያርድ፣ ይህም ከ4 ሜትር ተኩል ገደማ እስከ 9 ሜትር ገደማ ካለ ርቀት ማለት ነው። ከተተኮሱት መቶኛ 70 ማለትም 21 ጥይት ዒላማው ላይ ማረፍ አለበት። በዚህ ሕግ 30 ጊዜ ተኩሶ 20 ጊዜ ብቻ የመታ ሰው ተኩሷል፤ ግዴታውን ግን አልፈጸመም። የሚፈለገው ግስ «መታ» ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ቢያንስ 16 ሰዓት ሥልጠናና ከዚያ በተጨማሪ ቢያንስ 2 ሰዓት በተኩስ ሜዳ የሚደረግ ሥልጠና ትጠይቃለች። ኒው ዮርክም በ2022 ባወጣችው ሕግ 16 ሰዓት በአካል የሚሰጥ ትምህርትና 2 ሰዓት በእውነተኛ ጥይት የሚደረግ ሥልጠና ደንግጋለች፤ የጽሑፍ ፈተናውን ለማለፍም ከመቶ 80 ማግኘት ያስፈልጋል። እዚህ ተጨማሪ መለኪያ ይመጣል፤ እርሱም ሰዓት ነው። ማሳቹሴትስ በ2024፣ የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2025 ባወጧቸው ሕጎች በእውነተኛ ጥይት መተኮስን ከሥልጠናው ጋር አያይዘዋል።

እነዚህን ሁሉ በአማርኛ «የተኩስ ሥልጠና ወስዷል» በሚል አንድ ሐረግ መግለጽ ስሕተት ባይሆንም የሚያሳስት ነው። ሐረጉ አንድ ጥይት የተኮሰውን፣ 2 ሰዓት በሜዳ የቆየውንና 21 ጊዜ የመታውን ሰው እኩል ያደርጋቸዋል።

«ሥልጠና» የሚለው ቃል ራሱም ከባድ ጭነት አለው። ከ«ሠለጠነ» የወጣ፣ ከ«ሥልጣን» እና ከ«ሥልጣኔ» ጋር አንድ ሥር የሚጋራ ስም ነው፤ ሥር ነገሩም በአንድ ነገር ላይ የበላይነት ማግኘትን ያመለክታል። «ሠልጥኗል» የተባለ ሰው ጉዳዩን ተቆጣጥሮታል የሚል ግምት ያሳድራል። «ልምምድ» ደግሞ ከ«ተለማመደ» የወጣ ነው። «ለመደ» ከሚለው ግስ መካከለኛውን ፊደል ደግሞ የተመሠረተ ስለሆነ ድግግሞሽ በቃሉ አካል ውስጥ አለ። አንድ ጥይት ብቻ የተተኮሰበትን ተግባር «ልምምድ» ማለት ከቃሉ አመሠራረት ጋር አይስማማም። ሰውየው አንድ ጊዜ ተኩሶ «ሠልጥኛለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ቢገባ፣ ሕጉ ያልሰጠውን መተማመን ቃሉ ሰጥቶታል ማለት ነው። ሽጉጡ ልጆች ባሉበት ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ይህ የትርጉም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

5. ግዴታው በፍርድ ቤት

የሥልጠና ግዴታ የመብት ጥያቄም ስለሚያስነሣ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው መርምረውታል። በ2010 የቺካጎ ከተማ መሣሪያ በቤት ለመያዝ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በተኩስ ሜዳ የ1 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ አዘዘች፤ በዚያው ደንብ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የተኩስ ሜዳዎች በከተማዋ ውስጥ እንዳይኖሩ ከለከለች። በ2011 የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እገዳው እንዳይፈጸም የሚያደርግ ብይን ሰጠ። ተኩስ የሚል ድርጊት ያለ ቦታ አይፈጸምም፤ ግሱን አዝዞ ቦታውን መከልከል ግዴታውን መፈጸም የማይቻል ያደርገዋል።

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ ጉዳይ የመሣሪያ ሕጎች በታሪካዊ ልማድ እንዲመዘኑ የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ። በዚሁ ውሳኔ የደኅንነት ትምህርት የሚጠይቁ የፈቃድ ሥርዓቶች በዚያ ምክንያት ብቻ አጠራጣሪ እንዳልሆኑ አመልክቶ፣ ረዥም የጥበቃ ጊዜ ወይም የተጋነነ ክፍያ ሰውን ከመብቱ የሚያግድ ከሆነ ግን ክርክር ሊነሣበት እንደሚችል ገለጸ። የሜሪላንድ የብቃት ፈቃድም በዚህ መለኪያ ተፈትኗል። በ2023 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ያሉት ችሎት ሕጉን ሻረው፤ በ2024 የፍርድ ቤቱ ሙሉ ጉባኤ አጸናው፤ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበል ቀረ።

ለቋንቋ አጥኚው ከዚህ ክርክር የሚወሰደው ነጥብ አለ። በሕጉ ላይ ያለው ሙግት የሚያጠነጥነው ግዴታው ምን ያህል ከባድ ነው በሚለው ነው። ክብደቱን የሚወስነው ደግሞ መማር፣ መተኮስ ወይም መምታት መጠየቁ ነው። ሦስቱን ያልለየ የአማርኛ ዘገባ አንባቢው በክርክሩ ላይ ሚዛናዊ አስተያየት እንዳይይዝ ያደርገዋል፤ ሕጉን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ሰው ስለ ምን እንደሚከራከር አያውቅም።

6. «ላይቭ» የሚለው ቅጽል

እንግሊዝኛው ጥይቱን «ሕያው» ይለዋል። ዓረብኛም «ዘኺራ ሐያ» ሲል በዚሁ መንገድ ሄዷል። ፈረንሳይኛ ግን «ባል ሬኤል»፣ እውነተኛ ጥይት፣ ይላል። ስለዚህ በካርቲየ 2 የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በአካባቢው ሁለት አርአያዎች አሉት።

ለአማርኛ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። «ሕያው እሳት» ቃል በቃል ቢወሰድ የሃይማኖት መጽሐፍ ቃና ይኖረዋል፤ ስለ ጥይት መናገሩ አይታወቅም። በመገናኛ ብዙኃን «ላይቭ» የሚለው «ቀጥታ» ተብሎ ስለሚተረጎም «የቀጥታ ተኩስ» የሚል አማራጭ ሊታሰብ ይችላል፤ ይህ ግን የተኩሱን አቅጣጫ እንጂ የጥይቱን ዓይነት አይነግርም። «በእውነተኛ ጥይት መተኮስ» የሚለው ረዘም ቢልም አንድም አንባቢ አይሳሳትበትም። ተቃራኒውም በቀላሉ ይገኛል፦ ጥይት በሌለው መሣሪያ የሚደረገው «ያለ ጥይት የሚደረግ ልምምድ»፣ ድምፅ ብቻ በሚሰጥ ጥይት የሚደረገው ደግሞ «በድምፅ ብቻ ጥይት የሚደረግ ልምምድ» ሊባሉ ይችላሉ።

7. በተኩስ ሜዳ ላይ የሚነገረው ቃል

የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ መቶኛ 3 ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ በሚናገረው ቋንቋ ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያዝዛል። አማርኛ በዚህ ሕግ ተጠቃሚ ከሆኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሰነድ መተርጎም ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። በተኩስ ሜዳ አደጋን የሚያስቀረው በቅጽበት የሚነገር አጭር ቃል ነው፤ አማርኛ ለዚህ ቃል ሦስት ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው የቃል ቅደም ተከተል ነው። ተኩስ እንዲቆም የሚያዝዘው የእንግሊዝኛ ቃል በ«ሲስ»፣ የፈረንሳይኛው በ«ሴሴ» ይጀምራል፤ ሁለቱም መቆምን ያስቀድማሉ። ዓረብኛም «ወቅፍ ኢጥላቅ አን-ናር» ሲል መቆምን ያስቀድማል። ግሱን በመጨረሻ የሚያኖረው አማርኛ ግን «ተኩስ አቁም» ይላል። ሶማልኛም ለተኩስ አቁም «ሐበድ ጆጂን» ሲል ጥይትን አስቀድሞ ማቆምን ያስከትላል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር የሚነገሩ ቋንቋዎች በዚህ ነጥብ ለሁለት ይከፈላሉ። በአማርኛ አደጋው ይበልጥ የሚጎላው «ተኩስ» የሚለው ስም በጽሑፍ ከትእዛዙ «ተኩስ!» የማይለይ፣ በአነጋገርም በእጅጉ የሚቀራረብ በመሆኑ ነው። ጆሮው በመከላከያ የተሸፈነ ተለማማጅ ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያውን ብቻ ቢሰማ የሰማው የትእዛዙን ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛው የጾታና የአክብሮት ምልክት ነው። አሠልጣኙ ለወንድ «አቁም»፣ ለሴት «አቁሚ»፣ በአክብሮት «ያቁሙ»፣ ለብዙዎች «አቁሙ» ይላል። አንዲት እናት በተሰለፈችበት መስመር «አቁም!» ቢባል ትእዛዙ ለጎረቤቷ የተነገረ ሊመስላት ይችላል። በዕድሜ የገፉ ሰው ደግሞ አንቱታ ከለመዱት ወጣት አሠልጣኝ «አቁም!» የሚል ቃል ሲሰሙ ለእርሳቸው ነው ብለው ላይጠረጥሩ ይችላሉ። በተጨማሪም «ተኩስ አቁም» ዛሬ በዜና ቋንቋ የስምምነት ስም ሆኖ ስለ ረጋ የትእዛዝነት ኃይሉ ቀንሷል።

ሦስተኛው የመሣሪያው ክፍሎች ስያሜ ነው። «ቃታ ሳበ» እና «ምላጭ ሳበ» የሚሉት ሐረጎች ሁለቱም በአማርኛ አሉ፤ በተለመደው ጽሑፍ አንባቢው ሁለቱንም መተኮስ ብሎ ይረዳቸዋል። በትምህርት መድረክ ግን ጣት የሚያርፍበት ክፍልና ጥይቱን ወደ መቀመጫው ለማስገባት የሚሳበው ክፍል በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። በአንጻሩ «አጎረሰ» የሚለው ግስ ለአሠልጣኝ ታላቅ እገዛ ይሰጣል። አማርኛ የመሣሪያውን ጫፍ «አፈሙዝ» ሲል አፍ ሰጥቶታል፤ ጥይት መግባቱንም «ጎረሰ» ይላል። ካዝናው ከሽጉጡ ቢወጣም አንድ ጥይት በመቀመጫው ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋም ከዚህ ይነሣል። «ካዝናው ወጥቷል፤ መሣሪያው ግን ጎርሷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ልዩነት ለማንኛውም አማርኛ ሰሚ ያለ ማብራሪያ ያደርሳል።

8. ለኢትዮጵያ ሕግ ያለው ትርጉም

ጉዳዩ የስደተኛው ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታለች። የፌዴራል አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 እንደሚለው ሁለቱ ሲለያዩ የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በዋሽንግተን የአማርኛው ቃል የእንግሊዝኛው ሕግ ጥላ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን የአማርኛው ቃል ሕጉ ራሱ ነው።

ስለዚህ የሥልጠና ግዴታን የሚመለከት ማንኛውም ድንጋጌ ወይም መመሪያ በአማርኛ ሲረቀቅ «ሥልጠና» የሚለውን ስም ብቻ ቢይዝ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ ቦታ የንግግር ትምህርትን፣ ሌላ ቦታ የዒላማ ፈተናን ሊጠይቅ በሩ ክፍት ይሆንለታል። አመልካቹም የትኛው እንደሚበቃ የሚያረጋግጥበት ቃል አያገኝም። አሻሚው ቃል ለአንዱ ቸልተኝነትን፣ ለሌላው እንቅፋትን ይፈጥራል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና አራት ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ግዴታው በግስ ይገለጽ። ክፍል ገብቶ መከታተል «ይማራል»፣ ውጤት ሳይጠየቅ ጥይት ማውጣት «በእውነተኛ ጥይት ይተኩሳል»፣ ነጥብ የሚጠየቅበት «ዒላማውን ይመታል» ይባል። «ሥልጠና» ሦስቱን የሚያቅፍ የወል ስም ሆኖ ይቆይ እንጂ ከሦስቱ አንዱን ተክቶ አይግባ።

ሁለተኛ፣ መለኪያው ከግሱ ጎን ይቀመጥ። «አንድ ጥይት ይተኩሳል»፣ «2 ሰዓት በተኩስ ሜዳ ይሠለጥናል»፣ «ከ30 ጥይት በ21 ዒላማውን ይመታል» ሲባል አንባቢው ግዴታውን በሙሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ «ላይቭ» የሚለው «በእውነተኛ ጥይት» ተብሎ ይተርጎም፤ «ሕያው» እና «ቀጥታ» በዚህ ዐውድ አያገለግሉም።

አራተኛ፣ የሜዳው ትእዛዝ መቆምን ያስቀድም፤ በብዙ ቁጥርም ይነገር። «አቁሙ! ተኩስ አቁሙ!» የሚለው የሚያስጨንቀውን ቃል ወደ ሁለተኛ ቦታ ያወርደዋል። የብዙ ቁጥሩ መልክ ወንድን፣ ሴትንና ሽማግሌን በአንድ ላይ ስለሚያካትት በመስመሩ ላይ ካሉት ማንም ትእዛዙ ለሌላ ነው ብሎ አያልፈውም።

ከእነዚህ ምክሮች አንዱም አዲስ ቃል መፍጠርን አይጠይቅም። አማርኛ ውጅግራንና መትረየስን ሲቀበል በራሱ ግሶች ያስተናገዳቸው እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሥልጠና ግዴታንም በነባር ግሶቹ ማስተናገድ ይችላል። በካርቲየ 2 የሚነገሩት ሌሎች ቋንቋዎችም በየራሳቸው ግስና የቃል ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ምርመራ ይገባቸዋል፤ በተለይ ሶማልኛ መቆምን የሚያስከትልበት ሐረግ ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን ቢጠና ለሁለቱም ቋንቋዎች አሠልጣኞች የሚጠቅም ውጤት ይገኝበታል።